ጥንዱን አትበትኚው

«ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ለማስተርስ መመረቂያዬ የ64 የደም ግፊት ሕመምተኞችን ግፊት ጥር ላይ ሕክምና ሲጀምሩ፣ ከዚያም ሐምሌ ላይ መዝግቤያለሁ። 17ቱ ሐምሌ ላይ አልተመለሱም። ዳታውን ስታትስቲክስ እሠራለሁ ለሚል ልጅ በቴሌግራም ላክሁለትና ከፈልኩት። ‹ፒ-ቫልዩው 0.14 ነው፤ ለውጥ የለም ብለሽ ጻፊ› አለኝ። እኔ ግን ሰዎቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ የብዙዎቹ ወርዷል። አድቫይዘሬ ወረቀቱን ገልጦ ‹ቴስቱ ልክ አይደለም› ብሎ መለሰልኝ፤ የቱ ልክ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አንዷ ባልደረባዬ የጎደሉትን በአማካዩ ሙያቸው ትላለች፤ ሌላው ደግሞ ግፊታቸው የጨመረውን 4 ሰዎች አውጪያቸው ይላል። ዲፌንሴ 3 ሳምንት ቀርቶታል። ምን ላድርግ?»
ሲስተር፣ ከሳቢያን

ሲስተር፣ የድሬ ሰው አንቱ ሲሉት የተኮረፈ ይመስለዋል፤ ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዓይንሽ አልዋሸሽም። ከደብዳቤው ጋር ያያዝሽውን የኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ፕሮግራሙ) ውጤት ፎቶ አጉልቼ ሳየው፣ ከፒ-ቫልዩው (ለውጥ ባይኖር ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ነው፤ ባነሰ ቁጥር ለውጡ የአጋጣሚ አይመስልም) በፊት የታየኝ ከጎኑ ያለው 109 የሚል ቁጥር ነው። ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም ይሉታል። 109 ከየት መጣ? 64 ሲደመር 47፣ ሲቀነስ 2። ልጁ ለኮምፒውተሩ የነገረው «እነዚህ 64 ሰዎች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ ሌሎች 47 ሰዎች ናቸው፤ አወዳድርልኝ» ብሎ ነው። ጥር ላይ የለካሻቸው እማማና ሐምሌ ላይ የለካሻቸው እማማ ለኮምፒውተሩ አይተዋወቁም። የአንቺ ጥናት ግን አንድን ሰው ሁለት ጊዜ የለካ ነው። ለዚህ የሚሆነው የጥንድ ናሙና ቲ-ቴስት ነው፤ ክፍል ውስጥ ፔርድ ቲ-ቴስት የሚሉት። በእሱ ቢሠራ ኖሮ ያ ቁጥር 46 ይሆን ነበር፤ 47 ጥንድ ሲቀነስ 1። አድቫይዘርሽ ይህችን በአንድ መስመር ቢጽፍልሽ ምን ነበረበት? ይሁን፣ እሱን ለእሱ እንተወው።

የልጅ ቁመት በበር መቃን ላይ በእርሳስ ሲሰመር አይተሻል። አምና እዚህ ነበር፣ ዘንድሮ እዚህ ደረሰ፤ የምትለኪው በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ነው። የጎረቤት ልጅ ረጅም ይሁን አጭር ለዚያ ጥያቄ አያገባሽም። ስታትስቲክስ ሠሪው ልጅ ያደረገው የመንደሩን ልጆች የአምና መስመር ሁሉ ለብቻ፣ የዘንድሮውን ለብቻ ከምሮ፣ «ቁመታቸው እርስ በርሱ በጣም ስለሚለያይ አድገዋል ለማለት ያስቸግራል» ማለት ነው።

በቁጥር ላሳይሽ። ስድስት ሰዎች ከራሴ ፈጠርኩ። የላይኛው ግፊታቸው ሕክምና ሲጀምሩ 150፣ 188፣ 162፣ 174፣ 146 እና 200 ነበር። ከ6 ወር በኋላ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ 142፣ 176፣ 156፣ 160፣ 142 እና 184 ሆነ። የመጀመሪያው አማካይ 170፣ የሁለተኛው 160 ነው፤ 10 ወርዷል። በልጁ መንገድ እንደ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ካሰላሽው ቲ፣ ማለትም የአማካዩ ልዩነት ከስርጭቱ አንጻር የሚመዘንበት ቁጥር፣ 0.89 ይወጣል፤ ፒ-ቫልዩው 0.39 አካባቢ ነው። «ለውጥ የለም» ሊባል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዱ ሰው 146 ላይ፣ ሌላው 200 ላይ ቆመው በመካከላቸው 54 እያለ፣ የ10 መውረድ እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

አሁን እያንዳንዱን ሰው ከራሱ ቀንሺ። 8፣ 12፣ 6፣ 14፣ 4፣ 16። አማካዩ ያው 10 ነው። ግን የቁጥሮቹ ስርጭት አሁን ከ4 እስከ 16 ብቻ ሆነ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን፣ 4.73። ይህን ለ6 ካሬ ሩት፣ ማለትም ለ2.45፣ ስታካፍዪው 1.93። 10ን ለ1.93 ስታካፍዪ 5.18፤ ቲ ማለት ይኸው ነው። ፒ-ቫልዩው ከ0.01 በታች ነው። ሰዎቹ ያው፣ ቁጥሮቹ ያው፣ የአማካዩ ልዩነትም ያው። የተለወጠው ሰውን ከሰው ማወዳደር ትተን ሰውን ከራሱ ጋር ማወዳደራችን ነው። ቴስቱም ከዚህ ሌላ ምስጢር የለውም፤ ሁለት ዓምድ የነበረውን አንድ የልዩነት ዓምድ ያደርግና «የዚህ ዓምድ አማካይ ከዜሮ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ይጠይቃል። በስልክሽ ካልኩሌተር ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ዲፌንስ ላይ ከመቆምሽ በፊት አንድ ጊዜ በእጅሽ እንድትሠሪውም እመክራለሁ።

ነገሩ ሲጀመርም በሕመምተኞች ቁጥር ላይ የተሞከረ ነው። ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ዊልያም ጎሴት የሚባል ሰው በ1908 እ.ኤ.አ. «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ጽሑፍ የ10 ሕመምተኞችን ቁጥር ለምሳሌ አቀረበ። ሁሉም ሁለት ዓይነት የእንቅልፍ መድኃኒት በየተራ ወስደዋል፤ የተመዘገበው ስንት ሰዓት ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳገኙ ነው። በአንደኛው በአማካይ 0.75 ሰዓት፣ በሁለተኛው 2.33 ሰዓት። ያንኑ ቁጥር ዛሬ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች አድርገሽ ብታሰዪው ፒ-ቫልዩው 0.08 ገደማ ነው። በጥንድ ስታሰዪው ቲ 4.06፣ ፒ-ቫልዩው 0.003 አካባቢ ይሆናል። ስታትስቲክስ ከቢራ ጠመቃ መውጣቱ ለሐረር ሰው ብዙም ላይደንቀው ይችላል።

እስካሁን ቀላሉን ነው የነገርኩሽ። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ልጁ መልሶ የላከልሽ የኤክሴል ገጽ ፎቶ ላይ ሁለት ዓምድ ብቻ ይታያል፤ «ፕሪ» እና «ፖስት»። የካርድ ቁጥር የለም። ይባስ ብሎ ሁለቱም ዓምዶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው። ምናልባት የተሳሳተ ቁጥር ሊፈልግ ብሎ ይሆናል። ለእሱ ዘዴ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ ለአንቺ ግን ጥንዱ ፈርሷል። በመጀመሪያው ረድፍ ጥር ላይ ከሁሉ ዝቅ ያለው ሰው፣ ሐምሌ ላይ ከሁሉ ዝቅ ካለው ሰው ጋር ተዳብሏል፤ አንድ ሰው ይሁኑ አይሁኑ ማንም አያውቅም። ከዚያም 17ቱ ባዶ ቦታዎች ወደ ታች ወርደው ከጥር ዓምድ ከፍተኛ ግፊት ያላቸው 17 ሰዎች አጠገብ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ በዚያ ፋይል ላይ ቴስቱን ብቻ ቀይረሽ ብትጫኚ፣ የምታወዳድሪው የጥርን 47 ዝቅተኛ ቁጥሮች ከሐምሌ 47 ጋር ነው። ግፊቱ የጨመረ ሊመስልሽ ሁሉ ይችላል። ከልጁ ስህተት የከፋ ስህተት ትሠሪያለሽ፤ ያውም በትክክለኛው ቴስት።

ልጁን ብዙ አልወቅስም፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ሐረር ውስጥ ለአንድ ጥናት የነፍሰ ጡሮችን የሄሞግሎቢን ዳታ እያጸዳሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፣ መብራት ሄዶ መጥቷል፣ እኔም ቸኩያለሁ። ትልቁን ቁጥር ለማየት ብዬ አንዱን ዓምድ ብቻ ደረደርኩና ሴቭ አደረግኩት። በማግሥቱ አንዲት እናት በሁለት ሳምንት ከ7 ወደ 14 ወጥታ አገኘኋት። በአይረን ኪኒን በሁለት ሳምንት 7 ግራም የሚጨምር ደም የለም። ያቺ ሴት ባትኖር ኖሮ ሪፖርቱ ሄዶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የካርድ ቁጥር የሌለበት ፋይል ሲሰጡኝ አልከፍትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዓምድሽ ካርድ ቁጥር ይሁን። በስም አታጣምሪ፤ በአንድ ቀን ክትትል መሐመድ የሚባል ስንት ታካሚ እንደምታዪ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። አንዷ ባልደረባሽ ከመዝገቡ ጮክ ብላ ታንብብ፣ አንቺ ከስክሪኑ ላይ ተከታተዪ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ኤስፒኤስኤስ ከቲ-ቴስቱ ሠንጠረዥ በፊት የሚያወጣትን ትንሽ የኮሪሌሽን (የሁለቱ ዓምዶች ዝምድና) ሠንጠረዥ አትዝለያት። ሰው የሚዘላት እሷን ነው። ጥር ላይ ከፍ ያለ ግፊት የነበረው ሰው ሐምሌም ላይ በአብዛኛው ከሌላው ከፍ ይላልና መካከለኛ የሆነ አዎንታዊ ቁጥር ጠብቂ። ዜሮ አጠገብ ከሆነ አንዱ ዓምድ ብቻ ተንሸራቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ 0.99 ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ለየብቻ ተደርድረዋል ብለሽ ጠርጥሪ።

እንግዲህ ጥንዱ ተስተካክሎ፣ ፒ-ቫልዩው ወርዶ ደስ አለሽ እንበል። ፈታኝሽ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ልንገርሽ። «መድኃኒቱ ነው ያወረደው?» ይልሻል። ቴስቱ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው መውረዱን ብቻ ነው። እንዲያውም የጥንድ ቴስት በጣም ስለሚያጣራ ትንሿን የተበላሸ ነገር ሁሉ ይይዛታል። በመሃል የግፊት መለኪያው ተቀይሮ ከሆነና አዲሱ ከአሮጌው 5 ነጥብ አሳንሶ የሚያነብ ከሆነ፣ የሁሉም ሰው 5 ይወርዳል፤ ፒ-ቫልዩው ያምራል፤ የተፈወሰ ግን የለም። መለኪያው፣ የክንድ ማሰሪያው ልክና ክንዱ አንድ መሆኑን፣ ከመለካት በፊት 5 ደቂቃ መቀመጣቸውን ጽፈሻል?

ከዚያ ደግሞ የድሬ የራሷ ጉዳይ አለ። የጀመርሽው ጥር ላይ ነው፤ በዚያ ወር ጠዋት ላይ ነጠላ ደረብ ያሰኛል። የጨረስሽው ሐምሌ ላይ ነው። በሙቀት የደም ሥር ይሰፋል፣ ሰው በላብ ውሃና ጨው ያጣል፤ በሞቃት ወራት የደም ግፊት ከቀዝቃዛው ወቅት ዝቅ እንደሚል በብዙ አገር የታወቀ ነው። ከወረደው ውስጥ የግፊት መድኃኒቱ የአምሎዲፒን ስንቱ ነው፣ የፀሐይዋ ስንቱ ነው? ይህን በቴስት ልትለዪው አትችዪም፤ በውይይት ክፍልሽ ግን ሌላ ሰው ሳያነሳብሽ አንቺ ቀድመሽ አንሺው።

ጫትንም እንዲሁ። ከአወዳይ የመጣው ተበልቶ በርጫው ከሞቀ በኋላ የልብ ምትም ግፊትም ለሰዓታት ከፍ ይላል። ጥር ላይ ከሰዓት ለክተሽ፣ ሐምሌ ላይ ግን ሙቀቱን ሽሽት ሁሉንም ማለዳ ለክተሽ ከሆነ፣ ያወረድሽው ምርቃናውን ሊሆን ይችላል። የመለኪያው ሰዓት በቻርቱ ላይ ካለ አንድ ዓምድ ጨምሪና ተመልከቺው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ለማስረዳት ያስቸግራል፣ ግን አንድ ጊዜ ከገባሽ አይረሳሽም። ሰዎቹን ወደ ጥናቱ ያስገባሻቸው በዚያን ቀን ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው። የማንም ሰው ግፊት በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ከፍ ባለበት ቀን የተያዘ ሰው፣ ምንም ባይደረግለትም፣ በሚቀጥለው ልኬት ወደ ራሱ መካከለኛ መመለሱ የተለመደ ነው። ፍራንሲስ ጎልተን በ1886 እ.ኤ.አ. በወላጆችና በልጆች ቁመት ላይ ያሳየው ይኸው ነው፤ በጣም ረጃጅም ወላጆች ያሏቸው ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው ይልቅ ወደ መካከለኛው ይጠጋሉ። ጥር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ለክተሽ አማካዩን ከወሰድሽ ጉዳቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ጻፊው። ማነጻጸሪያ ቡድን ስለሌለሽ በጽሑፍሽ ሁሉ «ከሕክምናው በኋላ ወረደ» በዪ እንጂ «በሕክምናው ምክንያት ወረደ» አትበዪ።

ወደ 17ቱ ልምጣ። በአማካይ መሙላት የሚለውን ምክር እርሺው። ያልመጣ ሰው የሐምሌ ቁጥር ላይ የሌሎችን አማካይ ብትጽፊበት ያልለካሽውን ሰው ለካሁ ማለት ነው፤ ስርጭቱን በውሸት ታጠብቢዋለሽ፣ የናሙናውንም ቁጥር በውሸት ታበዢዋለሽ። የጥንድ ቴስቱ የሚሠራው በ47ቱ ነው። ግን 17ቱን ደብቀሽ አትለፊ። የጥር ግፊታቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ጾታቸውን ከ47ቱ ጋር አነጻጽሪ፤ እዚህ ላይ የልጁ ቴስት ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፣ ምክንያቱም እነዚህ በእርግጥም ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው። የቀሩት ጥር ላይ ከሁሉ የባሰባቸው ከነበሩ ውጤትሽ ያማረው በእነሱ መቅረት ሊሆን ይችላል። ተሻለኝ ብሎ የቀረም አለ፣ የመድኃኒት ዋጋ ከብዶት የቀረም፣ አገር ቀይሮ የሄደም፤ የሞተም ሊኖር ይችላል። ስልክ ቁጥራቸው ካርዱ ላይ ካለና የሥነ ምግባር ፈቃድሽ የሚፈቅድልሽ ከሆነ ደውዪላቸው። ሦስት ሳምንት ለ17 ስልክ ይበቃል።

ግፊታቸው የጨመረው 4 ሰዎች? ንኪያቸውና እኔን ምክር ጠይቄው ነበር አትበዪ። ቁጥሩ ሲጻፍ ተሳስቶ እንደሆነ ከመዝገቡ አረጋግጪ፤ ካልተሳሳተ ይቆያሉ። እንዲያውም ከሁሉ በላይ ማወቅ የምፈልገው ስለእነሱ ነው። መድኃኒቱን አቋርጠው ይሆን?

ቴስቱ የሚፈልገው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳትበት። በደወል ቅርጽ መሰራጨት ያለበት የልዩነቱ ዓምድ ነው፤ የጥርም የሐምሌም ዓምድ ለየብቻ ወደ አንድ ጎን ቢዘም ግድ የለም። የልዩነቱን ሂስቶግራም አውጥተሽ ተመልከቺ። በ47 ጥንድ ትንሽ መዝመም አያሳስብም። በጣም ከተበላሸ ፍራንክ ዊልኮክሰን በ1945 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምልክትና የደረጃ ቴስት አለልሽ፤ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ይገኛል።

«ግፊቱን ተቆጣጥሯል፣ አልተቆጣጠረም» የሚለውንም ማየት ከፈለግሽ፣ እሱ ቁጥር ሳይሆን አዎ ወይም አይ ስለሆነ የማክኔማር ቴስት ነው የሚሆነው። የሚቆጥረው የተለወጡትን ብቻ ነው። ለምሳሌ (ይህም ከራሴ የፈጠርኩት ነው) 18 ሰው ካልተቆጣጠረ ወደ ተቆጣጠረ ሄዶ፣ 5 ሰው ተመልሶ፣ 24ቱ ባሉበት ቢቀሩ፣ 18 ሲቀነስ 5 ይሆናል 13፤ 13 ጊዜ 13 ለ23 (18 ሲደመር 5) ሲካፈል 7.35። ከቴስቱ ወሰን ከ3.84 በላይ ስለሆነ ለውጡ የአጋጣሚ አይመስልም። በመሃል ሚያዝያ ላይም የለካሻቸው ካሉ ደግሞ ሦስቱን ጊዜ ሁለት ሁለት እያደረግሽ ቲ-ቴስት አትደጋግሚ፤ ለዚያ ሌላ ዘዴ ስላለ ጻፊልኝ።

ውጤቱን ስትጽፊ ፒ-ቫልዩውን ብቻ አታስቀምጪ። በስንት ወረደ የሚለውን ከ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ፣ ማለትም እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ተብሎ ከሚታሰበው ክልል፣ ጋር ስጪ። በእኔ ስድስት ሰዎች ቢሆን «በአማካይ በ10 ነጥብ ወርዷል፤ ከ5 እስከ 15» ይባላል። ሐኪም የሚፈልገው ይህን ነው። 2 ነጥብ መውረድም በብዙ ሰው ላይ ፒ-ቫልዩው ሊያምር ይችላል፤ 2 ነጥብ ግን ለአንድ ታካሚ ምን ይረባዋል?

ልጁ ገንዘብሽን ይመልስ አይመልስ በሚለው አልገባም። ግን ካርድ ክፍል ሄደሽ 64 ካርድ ከማስወጣትሽ በፊት ቴሌግራምሽን ክፈቺና ከእሱ ጋር ያለውን ቻት ወደ ላይ ሳቢው። አንቺ የላክሽለት ፋይል፣ እሱ ሳይነካው፣ እዚያው አለ። አውርጂው፤ ካርድ ቁጥሩ ካለበት በሌላ ስም ሴቭ አድርጊና ሰኞ ጠዋት ከመዝገቡ ጋር 10ሩን ብቻ አስተያይተሽ ጀምሪ።